ይማም ስንጥቅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኢንጂነር ሆኛለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ አምስት ነን። አምስታችንም ጉልበታችን አልታጠፍ ያለ፣ ጥርሳችን ከጣታችን ያነሰ፣ ጠዋት ተነስተን የምንሄድበት ከሜዳው በቀር ቦታ የሌለን ሰዎች ነን። የፕላስቲክ ወንበራችንን ይዘን ሸዋሮቢት ኳስ ሜዳ ዳር፣ ኒም ዛፉ ሥር እንቀመጥና አዲሱ ትሪቡን ሲሠራ እንቆጣጠራለን። የቀጠረን የለም። "ይሄ ብረት ቀጥኗል" እንላለን። "ይሄ ደረጃ ጠቧል፣ ምሳውን የበላ ሰው አይችልም" እንላለን። ፎርማኑ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ "እሺ አባቶቼ" ይለንና የፈለገውን ይሠራል።

እያንዳንዳችን ቅጽል ስም ወጥቶልናል። የእኔ "ጋሽ ውሃ" ነው። አርማታ በተሞላ ማግስት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ተነስቼ "ውሃ አጠጡት እንጂ፣ ደረቀ እኮ" ስለምል ነው። አንዴ ብዬ ዝም ብል ደግ ነበር፤ በየሩብ ሰዓቱ ነው የምለው። ሠራተኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "ጋሽ ውሃ መጣ፣ ጎማውን ክፈቱ" ይባባላሉ። ጓደኞቼ የእርጅና አመል ይመስላቸዋል። እኔም ይምሰላቸው ብዬ ትቼው ነበር።

ባለፈው አንዲት የቀን ሠራተኛ፣ በእኔ ንትርክ ተማርራ መሰለኝ፣ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክራ አዲሱን ደረጃ አለበሰችው። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። የረጠበ ጆንያና የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ። የመጀመሪያው ዝናብ አፈር ላይ ሲወድቅ የሚሸተውን ይመስላል፤ ግን ጉሮሮ ይይዛል። ወንበሬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ፊቴን አየና "ስኳሩ ወርዶበታል፣ ከረሜላ ስጡት" አለ። ከረሜላውን በላሁት። የነጻ ነገር አልመልስም።

ከአዲሱ ትሪቡን ማዶ አሮጌው አለ። ትሪቡን ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ላዩ በአርማታ የተሸፈነ አራት የድንጋይ ደረጃ ነው። ሦስተኛው ደረጃ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ የትንሽ ልጅ ጣት ያስገባል። ደጋፊው ሁሉ ያንን ቦታ "ይማም ስንጥቅ" ይለዋል። ልጆቹ በስልክ "የት ነህ? እኛ ይማም ስንጥቅ ጋ ነን" ይባባላሉ። ይማም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። አንዱን ጠይቄው፣ የአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ስም ነው ብሎኛል።

ይማም ሰው ነበሩ።

በልጅነቴ ሜዳው ሜዳ ብቻ ነበር። ተመልካቹ ቆሞ ያያል፤ ከኋላ የቆመው ከፊት የቆመውን ይራገማል። አንድ ዓመት አጣዬዎች መጥተው አሸነፉን። ማሸነፋቸው ሳያንስ፣ "እናንተ አገር ሰው ቁጭ አይልም እንዴ?" ብለውን ሄዱ። ያ ነገር ከተማውን እንቅልፍ ነሳው። የደጋፊው ኮሚቴ አለቃ ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት ያለ፣ ሲቆጡ ዱቄቱ የሚረግፍ። እሳቸው ወሰኑ፤ ከእንግዲህ ጨዋታ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ከሮቢ ወንዝ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። መግቢያው ድንጋይ ሆነ። ለአዋቂ ትልቅ፣ ለልጅ አቅሙን ያህል። የእኔ ድንጋይ እንቁላል ታክል ነበር። በሩ ላይ የሚቆመው ሰውዬ መዳፉ ላይ አስቀምጦ እያየ "ይሄ ለዶሮ ቤት ነው?" ይለኛል።

ሲሚንቶው የሚመጣው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነበር። ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት "ጣርማ በርን አለፈ ወይ?" ይባባል ነበር። እንደዚያ ሲጠበቅ እየሰማሁ ሲሚንቶ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መስሎኝ ነበር። መጥቶ ሲራገፍ ግራጫ ዱቄት ሆኖ አገኘሁትና አዘንኩ። ዱቄትማ ከጋሽ መኮንን ወፍጮ ቤት መቼ ጠፍቶ።

ግንበኛው ጋሼ ይማም ነበሩ። ከዳገቱ ላይ፣ ቤታቸውን በድንጋይ ከሚሠሩት ከአርጎባዎቹ መንደር የወረዱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። አንድ ድንጋይ ከማስቀመጣቸው በፊት ሦስት ጊዜ ያገላብጡታል። በመዶሻ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደስ ካላላቸው "ይሄ ሆዱ ባዶ ነው" ብለው ይጥሉታል። ከዚያ "ቢስሚላሂ" ብለው ሌላውን ያነሳሉ። የእኔን እንቁላል እንኳ አልናቋትም፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሐል ክፍተት ፈልገው ሸጎጧትና "አየህ፣ ያለ አንተ ይወድቅ ነበር" አሉኝ። አመንኳቸው። ለአንድ ወር ያህል የትሪቡኑ ባለቤት ሆኜ ስንጎማለል ከረምኩ። መዲና የምትባል እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረቻቸው፤ "ያቺን ጠጠር ያመጣው ልጅ" እያለች ለሰው ሁሉ ታሳየኛለች።

ቤታችን ቦዩ ዳር ስለነበረ አርማታውን ውሃ የማጠጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጋሼ ይማም ቁጢጥ ብለው በዓይኔ ትክክል ሆኑና "ደምሴ፣ ይሄ ነገር ሰባት ቀን ይጠጣል። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ካልጠጣ አይጠነክርም። ገባህ?" አሉኝ።

"ገባኝ ጋሼ።"

ገብቶኝ ሞቻለሁ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ደረጃ በዘይት ጣሳ ከቦዩ እየቀዳሁ ሦስት ሦስቴ አጠጣሁ። የሚጠጣ ነገር ያድጋል ብዬ በየጠዋቱ በእንጨት እለካው ነበር። አንድ ቀን ጣት ያህል አድጎ አገኘሁት። በኋላ ሳየው እንጨቷን በግ በልቷታል።

ከዚያ ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ፤ የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን። ከተማው ቀኑን ሙሉ ከንፈሩ የደረቀ ሆነ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። ጋሼ ይማምና መዲና ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ። እናቴ "በጾመኛ ፊት ውሃ የሚጠጣ ልጅ ባለጌ ነው" ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔም ባለጌ አልነበርኩም። ምነው ብሆን ኖሮ።

ሦስተኛው ደረጃ የተሞላው ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጣሳዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩና ማሰብ ጀመርኩ። ማሰብ የጀመርኩበት ቀን ነው ያበላሸኝ። ይሄ ደረጃ የማን ሃይማኖት ነው? ደብተራ የሠራው ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠጣው ነበር። ግን ጋሼ ይማም ናቸው የሠሩት። በቢስሚላሂ ነው የተሞላው። በረመዳን ነው የተወለደው። እንግዲህ ሙስሊም ነው፤ ሙስሊም ከሆነ ጾመኛ ነው፤ ጾመኛ ከሆነ መግሪብ ሳይደርስ ውሃ አይነካም። ማንንም አልጠየቅኩም። እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር ይጠየቃል?

ጣሳዬን ደፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀትር ላይ የቆላው ነፋስ ሲመጣ ደረጃው ከግራጫነት ወደ ነጭነት ሲሄድ አየሁት። የጾመኛ ከንፈር እንደዚያ ነው። አሳዘነኝ። "አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ" አልኩት። እኔም አብሬው ውሃ ሳልጠጣ ዋልኩ።

መስጊዱ ያኔ ማይክ አልነበረውም፤ የአዛኑ ድምፅ በማንጎ ዛፎቹ መሐል እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰን። እሱን ስሰማ ወደ ቦዩ እሮጣለሁ። አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ፣ ሃያ ጣሳ። ደረጃው ሽ ይላል። የጠማው ሰው ሲጠጣ ጉሮሮው እንደሚሰማ። ከዚያ ጋሼ ይማም ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው፣ አፍጥረው፣ ወደ ሶላታቸው ሲሄዱ ነው የሚያልፉት። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ደረጃው ላይ ያሳርፋሉ። እርጥብ ነው። "ጎሽ ደምሴ። አላህ ያሳድግህ" ይሉኝና ከኪሳቸው አንድ ቴምር ያወጡልኛል። ቴምሩ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል። እኔ ለሁለታችን ጾም የተሰጠ ማፍጠሪያ አድርጌ ነበር የምበላው፤ ለደረጃውና ለእኔ።

ሰባት ቴምር በላሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ደረጃው መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። የጋሽ መኮንን ዱቄት እየረገፈ ነው።

"ማን ነው የሚያጠጣው?"

"እኔ ነኝ።"

"አጠጥተሃል ወይስ ቦዩ ውስጥ ስትንቦራጨቅ ከረምክ?"

"በየቀኑ አጠጥቻለሁ።"

ውሸት አልነበረም። ጋሼ ይማም ከኋላ መጥተው ትከሻዬን ያዙ።

"ልጁን አትንኩት። በየማታው እየመጣሁ በዚህ እጄ ዳስሼዋለሁ። እርጥብ ነበር።"

"ውሃው ካልሆነ ድብልቁ ነዋ፣ ይማም" አሉ ጋሽ መኮንን። "አሸዋ አብዝተሃል። ጾሙ ጉልበት ነስቶህ ይሆን፣ ወይስ ዓይንህ? ያንን ሲሚንቶ ስንት አገር አቋርጠን ነው ያመጣነው።"

ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ይማም ዞረ።  እሳቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሱና አዩት። መዳፉን፣ ጀርባውን፣ እንደገና መዳፉን። ድንጋይ እንደሚያገላብጡት።

"ይሆናል" አሉ። "እጄ ይሆናል።"

እኔ ያን ጊዜ ምንም አልተጨነቅኩም። ደረጃው ጾም አድክሞት የተሰነጠቀ፣ ኢድ ሲደርስ፣ በደንብ ሲበላ ሲጠጣ የሚገጥም ነበር የመሰለኝ። የኢድ ዕለት ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት ሮጬ ሄድኩ። ጣቴን አስገባሁ። ገባ።

አራተኛውን ደረጃ ጋሼ ይማም አልሠሩም። ኮሚቴው ከደብረ ሲና ሌላ ግንበኛ አስመጣ። የማያፍር፣ ለፍላፊ ሰው ነበር። የእኔን ጣሳ ሲያይ "አንተ ነህ ውሃ አጠጪው? ስማ፣ ቀን ቀን ነው የሚጠጣው። ቀን ከደረቀ ማታ ባሕር ብትገለብጥበት ዋጋ የለውም። ይሰነጠቃል" አለኝ። ይህን ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጣሳው ከእጄ አልወደቀም። ትንሽ ቆይቼ ሄጄ ውሃ ቀዳሁ። አራተኛውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠጣሁት፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጭረት አልነካውም።

አልተናገርኩም። መጀመሪያ ግርፋቱን ፈራሁ። ከዚያ ሰባቱን ቴምር አሰብኩ፤ ቴምሩን በልቶ እንዴት ይነገራል? ከዚያ ነገ አልኩ። ነገ የሚባለውን ነገር እንደ እኔ የተጠቀመበት ሰው በይፋት አይገኝም።

ትሪቡኑ የተመረቀው ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከአጣዬ ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የተቀመጡት ከሥራቸው ያለውን እየነኩ "ይማም ስንጥቅ" ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ለስድብ፣ በኋላ ለቀልድ፣ በመጨረሻ ለቦታ። ጋሼ ይማምን ፈለግኳቸው። ትሪቡኑ ላይ የሉም። ከቦዩ ማዶ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ግማሽ ጎል ብቻ ነበር። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ቃሉን በመንገዴ ሁሉ ስለማመደው ነበር።

አይተውኝ ፈገግ አሉ።

"ደምሴ፣ ስንጥቁ ሰፋ?"

"አልሰፋም ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ወደ ሜዳው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው "ማን እየመራ ነው?" አሉኝ።

"እኛ።"

ይኸው ነው የተነጋገርነው። ክረምት ሳይገባ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ጀውሃ ሄዱ። መዲና ስትሄድ "ጠጠርህን እዚያው ትቼልሃለሁ" አለችኝ።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ፣ ከዚያ የጆንያ ሽታ በኋላ፣ ፎርማኑ ወደ ኒሙ ሥር መጣና "አባቶቼ፣ አሮጌው ማክሰኞ ይፈርሳል፣ እዚያ መቀመጥ የሚወድ እሑድ ይሰናበት" አለን። ጓደኞቼ ስለ አዲሱ ጣሪያ ክርክር ያዙ። እኔ ወንበሬን ትቼ ተነሳሁና ጀውሃ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ሳይሆን ጉልበቴ ነው የወሰነው፤ የሌላ ጊዜ ልማዱን ትቶ አልተቃወመም።

መዲና መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምሳ የምታቀርብ ቤት አላት። ጥርሷ ከእኔ ይሻላል። አወቀችኝ። "ጠጠሩ" አለችኝና ሳቀች። ምሳ አቀረበችልኝ። ሳልበላው ነገርኳት። ደረጃው ጾመኛ መስሎኝ እንደነበር፣ እስከ መግሪብ እንደምጠብቅ፣ ሃያ ጣሳውን፣ ቴምሩን፣ የደብረ ሲናውን ሰውዬ። ስለ ጾሙ ስነግራት ሳቋ መጣ፤ አፏን በነጠላዋ ያዘችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

"አባባ ከዚያ ወዲያ ግንብ ነክቶ አያውቅም" አለችኝ። "ይሄን ቤት እንኳ ሌላ ሰው ነው የገነባው፤ እሱ ቁጭ ብሎ እያየ። ለምን ስንለው 'ውሃው ቢሆን ኖሮ እጄን ይቅር እለው ነበር። በየማታው ዳስሼዋለሁ፣ እርጥብ ነበር። እጄ ነው' ይል ነበር። እስኪሞት እንደዚያ እንዳለ ነው።"

የማላውቀው ይህን ነበር። ስማቸውን ብቻ ያጠፋሁ ይመስለኝ ነበር። ያ የማታው ውሃዬ እሳቸውንም አታሏቸዋል። እርጥብ ባያገኙት ይጠይቁኝ ነበር፤ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፤ ያኔ ገና ነውር መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ለእኔ ነግረህ ሄደህ ልትተኛ ነው?" አለችኝ። "የልጅ ልጄ በየሳምንቱ እዚያ ለኳስ ይሄዳል። እዚችው ቁጭ ብሎ በስልክ 'ይማም ስንጥቅ ጋ ጠብቁኝ' ይላል። የማን ስም እንደሆነ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ሂድና እዚያው ንገራቸው። ከዚያ ምሳህን ብላ።"

ምሳውን ግን በላሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እሑድ ጨዋታው ከአጣዬ ልጆች ጋር ነበር። ከተማቸው ከተቃጠለች ወዲህ ሲመጡ የሚሰድባቸው የለም፤ ዝም ብለን እናጨበጭብላቸዋለን፣ እነሱም በዚያ ይከፋቸዋል። በእረፍት ሰዓት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ሁለት ልጆች ብብቴን ይዘው ነው ያቆሙኝ። "ጋሽ ውሃ ንግግር ሊያደርግ ነው" ተባለ፣ ተሳቀ። ነገርኳቸው። ረመዳኑ ጋ ስደርስ በጣም ሳቁ። ጋሼ ይማም እጃቸውን ያዩበት ጋ ስደርስ ከፊቴ ያለው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ስጨርስ ከኋላ አንዱ፣

"ታዲያ ስንጥቁ የአንተ ነው ማለት ነው?" አለኝ።

"የእኔ ነው።"

ሁለተኛው ግማሽ ሲጀመር ጎኔ ያለው ልጅ ስልኩ ጮኸ። "ይማም ስን..." አለና አየኝ። "ደምሴ ስንጥቅ ጋ ነን፣ ቶሎ ና።" ስሜ እንዲህ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ደስ አይልም። እሳቸው ይህንን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዴት ሰሙት?

የእኔ ሆኖ የቆየው ሁለት ቀን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስካቫተሩ መጣ። ሾፌሩ ከሌላ አገር የመጣ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሰካ ልጅ ነው። አራተኛውን ደረጃ በሁለት ምት አነሳው፤ የለፍላፊውን ሰውዬ ሥራ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የማሽኑን ጥርስ አሳረፈ፣ ገፋ፣ ማሽኑ ራሱ ከኋላው ተነሳ። እንደገና ሞከረ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ የተቦረቦረውን ቦታ በእጁ ዳበሰው።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?" አለ። "ድብልቁ ብረት ነው እኮ።"

ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞሩ። ከወንበሬ ተነሳሁ፤ በዚያን ቀን ማንም አልደገፈኝም።

"ጋሼ ይማም ናቸው" አልኩት።

ከስማቸው ቀጥሎ "ስንጥቅ" የሚል አልጨመርኩም።